ያልተወለወለው ጠርሙስ

ጡረታ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያዝን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ቦንጋ ገበያ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ፣ ልቅሶ ቤት የመጣ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህ፣ ለመድከው?» ይለኛል። እኔ እኮ ገና ደብዳቤው ሳይደርሰኝ ነው የለመድኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከአንዲት ትንሽ መስኮት ኋላ አንገቴን አስግጌ መድኃኒት ሳድል ኖሬ፣ አሁን አንገቴ ቀና ብሏል። ጠዋት ጠዋት «ዶክተር፣ ዶክተር» እያለ መስታወት የሚቆረቁርብኝ የለም። ዶክተርም አልነበርኩም፤ የፋርማሲ ባለሙያ ነበርኩ። በእኛ አገር ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ፣ ሳልማር የተሰጠኝን ማዕረግ ሳላንገራግር ተሸክሜው ኖርኩ።

እፎይ ያልኩት ሥራ ስላቆምኩ ብቻ አይደለም። ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ሲቀረኝ የገዛ ራሴን አንድ ስህተት ደረስኩበት። ሳልደርስበት ወጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ የቅመም ነጋዴ በእኔ ጥፋት መድኃኒታቸውን ጥለው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው እቤት እንደተቀመጡ ይቀሩ ነበር። ይህን የምጽፈው ከሁሉ በላይ ስለ እሳቸው ነው፤ ሌላው የመንገድ ወሬ ነው።

የመንገዱን ወሬ ግን ትንሽ ታገሡኝ። ያደግኩት ሻይ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት፤ ብርጭቆ ማጠብና መወልወል የእኔ ድርሻ ነበር። እናቴ እያንዳንዱን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች። የውሃ ጠብታ የደረቀበት ምልክት ካገኘች ምንም ሳትናገር መልሳ እጄ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሰው አፉን የሚያሳርፍበት ዕቃ ላይ የቤታችን ስም አለ ባይ ነበረች። እኔም እስከ ዛሬ ሰው ቤት ሄጄ ብርጭቆ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ ወደ ብርሃን አነሣዋለሁ። ባለቤቴ በዚህ አመሌ ብዙ ጊዜ አፍራብኛለች።

የመጀመሪያ ምድቤ ደካ ነበር፤ ጌሻ ወረዳ፣ ዝናቡ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ያህል ብቻ የሚያቆምበት አገር። ኃላፊዬ ደግ ሰው ነበሩ፣ ሪፖርት እስካልዘገየባቸው ድረስ። ከዚያ ቢታ ገነት ተዛወርኩ። የዚያኛው ኃላፊ የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው ነበር፤ እሱ ገበያ ከወጣ በሽተኛውም እኔም በሩ ላይ ቆመን እንጠብቀዋለን። ስለ ደመወዝ አላወራም፤ ስትመጣ አይቻታለሁ፣ ስትሄድ አላየኋትም። የዕቃ ገቢና ወጪ ቅጾቹን፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝና ሞዴል ሃያ ሁለትን፣ ስሞላ ያለቀው ዕድሜም ለብቻው ይቆጠርልኝ።

በሁለቱም ቦታ ያስመረረኝ አስም ነው። የሚሰጠው ክኒን ነበር። ሰውየው ክኒኑን ውጦ ልቡ ይደልቃል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ደረቱ ግን እንደታፈነ ይቆያል። ብርድ አለ፣ የጎጆ ጭስ አለ፣ ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ በጭስ የታጠነ ገበሬ አለ። አንዳንዱ ቁጭ ብሎ አንገቱን እንደ ኤሊ አስግጎ አየር ሲፈልግ ማየት ቀላል አይደለም። ያን ጊዜ ከማዘን በቀር የማውቀው ዘዴ አልነበረም።

ዘዴ ያየሁት ቦንጋ ተመልሼ ጋሽ ገብሬ ሥር ስመደብ ነው። ጋሽ ገብሬ የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ንግግር ቆጣቢ የካፊቾ ሽማግሌ። ለከተሜው በአማርኛ፣ ከገጠር ለመጣው በካፊኖኖ ያስረዳሉ፤ በሁለቱም ቋንቋ ከአምስት ቃል በላይ አይናገሩም። ፓፍ የምንለው፣ ተጭነው ወደ ሳንባ የሚስቡት መድኃኒት፣ ያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ከክኒን በምን ይሻላል ብዬ ስጠይቃቸው «ክኒን ከጅማ ቦንጋ ለመምጣት በዋጫ የሚዞር ሰው ነው» አሉኝ፤ ዋጫ ቦንጋን አልፎ ያለ ከተማ ነው። ፓፍ በቀጥታ ይገባል። የሚገባው ግን በሥርዓት ከሳቡት ብቻ ነው፤ ካልሆነ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ሰውየውም ምሬቱን ውጦ ይሄዳል።

ጋሽ ገብሬ በመስኮት ፓፍ ሰጥተው አያውቁም። በሩን ከፍተው ይወጡና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከበሽተኛው አጠገብ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ስምህን ከነአባትህ ከነአያትህ ንገረኝ ይሉታል። ሦስቱን ስም በአንድ ትንፋሽ ከጨረሰ ደህና ነው። ስሙ ላይ ቆሞ ለአባቱ እንደገና ከተነፈሰ ተጠንቀቁ ማለት ነው። ለአያቱ ካልደረሰ ካርድ ሳይሉ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወስዱታል። እኔ የልዩ መሣሪያ ያህል የማምነው መለኪያ ነው።

ሁለተኛው ልማዳቸው «ገባህ?» ብለው አለመጠየቅ ነው። በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ «አልገባኝም» ብሎ የሚመልስ የለም፤ ይሉኝታ አለ፣ ደግሞ ከኋላው ሰልፍ አለ። ስለዚህ እሳቸው «አሳየኝ» ብቻ ይላሉ። ሰውየው ሲያሳይ ጉዱ ይወጣል። ክዳኑን ሳይከፍት የሚጫን አይተናል፣ እንደ ሽቶ አንገቱ ላይ የሚነፋ አይተናል፣ ተጭኖ ወደ ውጭ የሚተነፍስማ የትየለሌ ነው። ጋሽ ገብሬ አይስቁም፣ አይቆጡም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ጣት መጫንና ትንፋሽ መሳብ አብሮ አልሄድ ለሚላቸው ደግሞ ጠርሙስ ይሠሩላቸዋል። ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ነው። ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ጠምዝዘው እሳት ላይ ያግሉትና የጠርሙሱ ቂጥ ላይ ይጫኑታል፤ ፕላስቲኩ ገና ሳይቀዘቅዝ ፓፉን ራሱን ይሰኩበታል፣ ቀዳዳው ልኩን እንዲይዝ። ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉታል። በሽተኛው በጠርሙሱ አፍ በኩል ይስባል። ጭጋጉ ጠርሙሱ ውስጥ ይቆያል፤ ትልልቁ ጠብታ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ደቃቁ ግን ተንሳፍፎ ይጠብቃል፣ ቀስ ብሎ ሲሳብ ወደ ታች ሳንባ ድረስ ይወርዳል። ከዚያ እስከ አሥር ቆጥሮ ትንፋሽን መያዝ ነው።

የጠርሙሱ አጠባበቅ ላይ ግን ከሳቸው ጋር አልተግባባንም። ጋሽ ገብሬ ጠርሙሱን በሳሙና ውሃ ይነክሩትና ሳያለቀልቁ፣ ሳይወለውሉ፣ አንገቱን ወደ ታች ዘቅዝቀው መደርደሪያ ላይ ያንጠባጥቡታል። ሲደርቅ የሳሙናው ምልክት ይቀርበታል፤ ዥጉርጉር ነው። ደግሞ ለበሽተኛ ከመስጠታቸው በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ፓፉን ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ይነፉበታል። ለምን ስላቸው «ለጠርሙሱ ድርሻው ነው» አሉኝ። ከዚያ በላይ አላብራሩም፤ እኔም በልቤ እርጅና ነው አልኩ። ለሻይ ቤት ልጅ ያንን ዥጉርጉር ጠርሙስ ለሰው አፍ ማቀበል ራቁትን እንደመውጣት ነበር።

ጋሽ ገብሬ ጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱ ለእኔ መጣ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ቀድሜ ጠመጠምኩ። በመጀመሪያው ሳምንት የጠርሙሶቹን አሠራር «አሻሻልኩ»። ታጥበው በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃሉ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ከውስጥም ከውጭም ይወለወላሉ፤ ለውስጡ ጨርቁን እንጨት ላይ ጠምጥሜ የሠራሁት መወልወያ ነበረኝ። ፓፍ ስለሚያጥርም የጠርሙሱን ድርሻ ሰረዝኩት። ጠርሙሶቼ ወደ ብርሃን ሲነሡ ያበራሉ። አንድ ጊዜ ለጉብኝት የመጡ ኃላፊዎች አይተው አመሰገኑኝ፤ እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ፣ ቤት ስደርስ ግን ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ ነገርኳት።

ከዚያ በኋላ አንዳንድ በሽተኛ መድኃኒቱ አልያዘኝም እያለ መመለስ ጀመረ። አሳየኝ እለዋለሁ፣ ያሳየኛል፣ ትንሽ ስህተት አይጠፋም፤ በዚያችው አሳብቤ እመልሰዋለሁ። ብዙዎቹ ከሳምንት በኋላ ይሻላቸዋል። እኔም በትምህርቴ የዳኑ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ዘሀራን እዚህ ላይ ላስተዋውቃችሁ። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ የኖሩ ናቸው፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ኮረሪማና ጥምዝ ይሸጣሉ። ኮረሪማ የምገዛው ከሳቸው ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም አንዷን ፍሬ ሳይቀር መርጠው፣ አራግፈው፣ አጥርተው ነው የሚሰጡት። በጽዳት ከእኔ የሚስተካከሉ ብቸኛ ሰው ናቸው። የጥምዝ አቧራ ግን ደረታቸውን ይቆልፈዋል። ፓፍ ሲታዘዝላቸው ጠርሙሱን ሠርቼ እንዴት እንደሚያጥቡት፣ እንዴት እንደሚወለውሉት አንድ በአንድ አስተማርኳቸው። አሳዩኝ አልኳቸው፤ በሐር ሻርፓቸው ጫፍ ወልውለው ወደ ብርሃን አንሥተው አሳዩኝ። ከዚያ ሁሉ በሽተኛ ውስጥ የእኔን ትምህርት ሳያጓድሉ የፈጸሙት እሳቸው ነበሩ፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ወለወሉት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ሰሚራ በባጃጅ አመጣቻቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሮጬ ወጣሁና ስምዎን ከነአባትዎ አልኳቸው፤ «ዘ» ብለው ቀሩ። በቀኝ እጃቸው ጠርሙሱን አንቀው ይዘዋል፤ እንደ መስታወት ያበራል። ሰሚራ እያለቀሰች እናቷ አሥራ ሁለት ጊዜ ነፍተው እንደሳቡት፣ አንዱም እንዳልረዳቸው ነገረችኝ። ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ በማሽን መድኃኒት አተነፈሷቸው፣ መርፌ ተወጉ። አመሻሹ ላይ ነፍሳቸው ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን፣ ሊወጡ ሲሉ፣ አልጋቸው ድረስ ሄድኩ። ያሳዩኝ ዘንድ ጠየቅኳቸው፤ አሳዩኝ። አንድም ስህተት የለውም። ፓፉን ነቀነቁት፣ ትንፋሻቸውን አወጡ፣ አንድ ጊዜ ተጫኑ፣ ቀስ ብለው ሳቡ፣ ያዙ። እዚያው ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። በእኔ ፋንታ ጋሽ ገብሬ ቢሆኑ ዝም ብለው ጠርሙሱን ባዩት ነበር። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ፈርቼ ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ቤትዎ ውስጥ እንዲህ አልሳቡትም አልኳቸው።

«እንዳስተማርከኝ ነው እኮ ያደረግኩት፣ ወንድሜ» አሉኝ።

«እንዳስተማርኩዎት ቢያደርጉ ኖሮ እዚህ አልጋ ላይ አይተኙም ነበር።»

ጠርሙሱን አልጋው አጠገብ ያለው ኮመዲኖ ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡትና ሻርፓቸውን አስተካክለው ከልጃቸው ጋር ወጡ። ጠርሙሱን ረስተውት መስሎኝ ተከትዬ ልጠራቸው ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን እንዳልረሱት ገባኝ። ለክትትል ቀጠሮ አልመጡም። ቅመሙንም ተዉት፤ ገበያ ላይ ቦታቸውን ሌላ ሰው ያዘው። ሰሚራ ኋላ ዋጫ ስላገባች ከእሷ ጋር ወደዚያ ሄዱ ሲባል ሰማሁ። ኮረሪማ ከሌላ ሰው መግዛት ጀመርኩ፣ ገለባው ብዙ ነበር።

አራት ዓመት አለፈ። ጡረታዬ ሲቃረብ ጅማ ለሥልጠና ተላክሁ። ሊወጣ ለተቃረበ ሰው ሥልጠና መላክ ማለት የሽኝት አበል መስጠት ማለት ነው፤ ስለዚህ ከኋላ ወንበር ይዤ ለማንቀላፋት ተመቻቸሁ። አሠልጣኟ ዶክተር ሰላማዊት የምትባል ወጣት ፋርማሲስት ናት፤ የኔን ሁለተኛ ልጅ ታህላለች። ርዕሷ ወደ ሳንባ ስለሚሳቡ ናኖ ቅንጣቶች ነበር። ናኖ ማለት፣ እሷ እንዳለችው፣ አቧራ የምንለው ነገር ከጎኑ ሲቆም ተራራ የሚመስልበት ድቃቂ ነው።

መጀመሪያ ፌዝ መስሎኝ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን እንቅልፌ ሸሸ። መድኃኒቱን በዚያ ልክ አድቅቀው፣ በስብ ወይም በሌላ ነገር ጠቅልለው፣ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ለመላክ እየሠሩ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንኳ፣ ወራት ሙሉ ጨጓራና ጉበት እያቃጠለ ከሚዋጥ፣ ጀርሙ የተደበቀበት ሕዋስ ድረስ በቀጥታ ቢገባ ብለው ያስባሉ። ችግሩ፣ አለች፣ ትልቁ ቅንጣት ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ መካከለኛው ሳንባ ውስጥ ያርፋል፤ ናኖው ግን በጣም ከመቅለሉ የተነሣ ብዙው ሳያርፍ ተመልሶ በትንፋሽ ይወጣል። ስለዚህ ብዙውን ናኖ አንድ ላይ አጣብቀው መካከለኛ ቅንጣት ያደርጉታል፤ ሄዶ ሲያርፍ በሳንባው እርጥበት ይፈርስና ይበተናል። ይህን ስሰማ ጋሽ ገብሬ ጠርሙስ ላይ ጎንበስ ብለው ታዩኝ። እኛ በፕላስቲክና በሽቦ የታገልነው ትግል፣ የቱ ያርፋል የቱ ይቀራል የሚለው፣ እዚያም ያው ነው።

አንዱ ሠልጣኝ እጁን አውጥቶ ይህ መድኃኒት መቼ ይደርሰናል ብሎ ጠየቃት። አብዛኛው ገና በምርምር ላይ እንደሆነ ሳትደብቅ ነገረችው። ላም አለኝ በሰማይ ብዬ ወደ ወንበሬ ልመለስ ስል፣ እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለውን እንዳናበላሽ አለችና ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ የውሃ ጠርሙስ አወጣች። የእኔኑ ዓይነት ነው። የፕላስቲክ እስክሪብቶ ጸጉሯ ላይ ፈተገችና የተቀደደ ወረቀት ላይ ያዘችው፤ ወረቀቱ ብድግ ብሎ ተለጠፈበት። ፕላስቲክ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ እንዲህ ኤሌክትሪክ ይይዛል አለች። የተወለወለ ጠርሙስ ውስጥ የተነፋ መድኃኒት ሳንባ ሳይደርስ ግድግዳው ስቦ ያስቀረዋል። ለሳንባው ምንም ያህል ላይተርፍ ይችላል፤ በተለይ አዲስ ጠርሙስ ከሆነ፣ ወይም በየቀኑ የሚወለወል ከሆነ።

በሳሙና ውሃ ነክራችሁ፣ ሳትለቀልቁ፣ ሳትወለውሉ አንጠባጥቡት ስትል እኔ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጥያቄ አለዎት አባባ አለችኝ። የለኝም አልኩና ተቀመጥኩ። ያፈርኩትን ማፈር በቃል ልገልጸው አልችልም። ከእፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ስሙን ያላወቅሁት ነገር ስም አገኘ፤ የተወለወለው የእትዬ ዘሀራ ጠርሙስ ነበር። ያን ቀን ከአዳራሹ ስወጣ አልቅሼ ነበር፤ ግማሹ ልቅሶ እፎይታ ነው።

ቦንጋ እንደገባሁ ወደ ቤቴ ሳልሄድ ጋሽ ገብሬ ቤት ሄድኩ። ጆሯቸው ደክሟል፤ ጮክ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለ ኤሌክትሪኩ፣ ስለ ድርሻው፣ ለጠርሙሱ የሚነፋው ግድግዳውን አጥግቦ ቀሪውን ለሰው እንደሚያሳልፍ፣ ብዙዎቹ በሽተኞቼም የተሻላቸው መወልወሉን ስለተዉት እንደሚሆን። በጣም ተገረሙ፣ ፈገግም አሉ። ምክንያቱን እሳቸውም አያውቁትም ነበር። ያስተማራቸው ሰው አትወልውል አላቸው፣ አልወለወሉም፤ በቃ። እኔ ምክንያት የሌለው ነገር ጅልነት የሚመስለኝ ሰው ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ ምክንያቱ እስኪመጣ ሥራው ይቀጥል የሚሉ። ስለ እትዬ ዘሀራ ስነግራቸው ግን ፈገግታቸው ጠፋ። የት እንዳሉ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ዋጫ ናቸው መሰለኝ አልኳቸው። «ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።

በማግስቱ መወልወያዬን ጣልኩት። የክትትል ካርዶቹን አውጥቼ ጠርሙስ የሰጠኋቸውን በሙሉ በየተራ አስጠራሁ፤ ጠርሙሳቸውን ነከርኩ፣ አንጠባጠብኩ፣ የጠርሙሱን ድርሻም መለስኩለት። አንዳንዱ ጠርሙሱን ሲያይ ቆሸሸ ብሎ አኮረፈ። የእትዬ ዘሀራ ካርድ ላይ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ የተጻፈ ነገር የለም። ካርዱን ይዤ ሐኪሙን አማከርኩ፤ ፓፉን አዘዘላቸው፣ እዚያው ክትትል እንዲጀምሩም ለዋጫ የጤና ተቋም ደብዳቤ ጻፈ። እሑድ ዕለት አዲስ ጠርሙስ በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ዋጫ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።

የሰሚራን ሱቅ ለማግኘት ብዙ አልፈለግሁም። እትዬ ዘሀራ ከሱቁ ጀርባ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ትከሻቸው ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ፤ መልሼ አስቀመጥኳቸው። ከወንበራቸው እስከ በሩ ለመሄድ መሐል ላይ ቆመው ማረፍ እንዳለባቸው ሰሚራ ነገረችኝ። ለገበያም፣ ለልቅሶም፣ ለሠርግም ከግቢው አይወጡም። ፓፍ ይሞክሩ ብላ ስንት ጊዜ ለመነቻቸው፤ እሳቸው ግን «የእኔ ደረት መድኃኒት አይቀበልም፣ ሞክሬ አይቻለሁ» ይላሉ። ማርና ዝንጅብል እየጠጡ አራት ዓመት ገፉ።

ያመጣሁትን ከወረቀቱ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የመጣሁበትን እንዴት እንደምጀምር ሳስብ ሰሚራ ጠርሙሱን አነሣችው። የሳሙናውን ዥጉርጉር አይታ፣ እንግዳውን ላለማሳፈር ድምጿን ሳታሰማ፣ በሻርፗ ጫፍ ወልወል ወልወል ታደርገው ጀመር። እናቷ ያስተማሯት ነው፤ እናቷን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ተይ!» ብዬ ጮህኩ። ሰሚራ ደንግጣ ልትጥለው ነበር። እትዬ ዘሀራም ቀና ብለው አዩኝ።

እንግዲህ ሌላ መንገድ አልነበረም። ሳፋ በሳሙና ውሃ አስቀረብኩና ጠርሙሱን እንደገና ነከርኩት፤ አጥሩ ላይ ካለ እንጨት ራስ ላይ ዘቅዝቄ ሰቀልኩት። እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ያህል አለ። የሁለት ሰዓት ዝምታ ደግሞ እኔ አልችልም። ወንበሬን አስጠግቼ ተናገርኩ። ስለ ሻይ ቤቱ፣ ስለ ጋሽ ገብሬ ጠርሙስ፣ ስለ መወልወያዬ፣ ስለ እስክሪብቶውና ስለ ወረቀቱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀት ቀድጄ በሰሚራ ማበጠሪያ አሳየኋቸው። አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ያልኩትንም እኔው ራሴ ደገምኩት፣ ቃል በቃል፤ ሰሚራ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ይቅርታ አልኳቸው።

እትዬ ዘሀራ ወደ አጥሩ፣ ወደ ጠርሙሱ ያያሉ። ይቅር ያሉኝ አልመሰለኝም፤ ቢቆጡም ይገባቸው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «አራት ዓመት» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ቤታቸው እንግዳ ስለሆንኩ ምሳ እንዲቀርብልኝ ሰሚራን አዘዟት። እኔም የቀረበልኝን በላሁ።

ጠርሙሱ ሲደርቅ ፓፉን ሰካሁበትና ሦስት ጊዜ ባዶ ነፋሁበት። ከዚያ ሰጠኋቸው። እጃቸው አልረሳውም፤ ነቀነቁት፣ አወጡ፣ ተጫኑ፣ ሳቡ፣ ያዙ። እኔና ሰሚራ በልባችን አብረን እስከ አሥር ቆጠርን። ጥቂት ቆይተው ደገሙት። ከዚያ ተቀመጥን። ዶሮዎቹ ግቢው ውስጥ ይጭራሉ፣ ሱቁ በር ላይ ሰው ስኳር እያለ ይጣራል፣ ሰሚራ አልተነሣችም። እኔ የማየው የእትዬ ዘሀራን ትከሻ ብቻ ነበር። ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል አየሁት፤ ቀስ በቀስ ከፍ ዝቅ ማለቱን ተወ፣ ወደ ቦታው ወርዶ ተቀመጠ።

ሳይደግፏቸው ተነሡ። ወደ ግቢው በር ሄዱ፤ መሐል ላይ ይቆማሉ ብዬ ስጠብቅ አልቆሙም። በሩ ጋ ደርሰው መዝጊያውን በእጃቸው ነክተው ተመለሱ። ልጃቸው ፊት ቆመው አዩዋት፤ ዓይናቸው ሞልቷል።

«አየሽ፣ ሰሚራ?» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ አልነበረም።»